ባሕር ዳር ቤት ልከራይ ነው፤ ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ በእኔ ሂሳብ አስገቢ ይላል

የሰላም_መንገድ፦
ሰላም ቤቶች። በሥራ ዝውውር ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ልገባ ነው። ፔዳ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በደላላ በኩል ተገኝቷል፤ ኪራዩ በወር 9,000 ብር ነው። ባለቤቱ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ደላላው «ውክልና አለኝ፣ ፈራሚውም ተቀባዩም እኔ ነኝ» ብሎ የውክልናውን ፎቶ በቴሌግራም ሊልክልኝ ነው። የጠየቀኝ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ ማለትም 54,000 ብር፣ በራሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። ከዚያ ሌላ የአንድ ወር ኪራይ የድለላ ይፈልጋል። ለዛሬ ደግሞ ቤቱ እንዳይወሰድ 10,000 ብር ቀብድ ላኪ ብሎኛል። ውሉን ቁልፍ ስረከብ እንፈርማለን ይላል፤ ውሉ ላይ ግን ኪራዩ 4,000 ተብሎ ይጻፋል፣ «ለግብር ነው፣ አንቺን አይነካሽም» አለኝ።

ስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅ ይፈቀዳል ወይ? ለደላላው ሂሳብ ከከፈልኩ ለባለቤቱ እንደከፈልኩ ይቆጠራል? ቀብዱስ ነገሩ ባይሆን ይመለሳል? ሕጉን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ጮቄ_ሥር፦
እታለም፣ ከሁሉ በፊት ዛሬ ምንም ብር አትላኪ፤ 10,000ውንም ጭምር።

ደላላና ወኪል በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ደላላ አከራይና ተከራይን ያገናኛል፣ ያስማማል፣ ስምምነቱ ሲሠምር ዋጋውን ይቀበላል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያልቃል። በባለቤቱ ስም መፈረምም ሆነ ኪራይ መቀበል አይችልም። ወኪል ግን በሌላ ሰው ስም እንዲሠራ ሥልጣን የተሰጠው ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2199 የሚናገረው ስለ እሱ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ወኪልነቱ በወረቀት ታይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ደላላ ብቻ አድርገሽ ያዢው።

የዚህን ክብደት የሚያሳይሽ ቁጥር 1741 ነው። ክፍያ የሚፈጸመው ለባለገንዘቡ ለራሱ፣ ወይም እሱ፣ ፍርድ ቤት ወይም ሕግ እንዲቀበል ለፈቀደለት ሰው ነው። ሥልጣን ለሌለው ሰው የተከፈለ ገንዘብ ባለገንዘቡ ካላጸደቀው ወይም ለጥቅሙ ካልዋለ በቀር እንደተከፈለ አይቆጠርም። ስለዚህ ደላላው 54,000ውን ይዞ ቢሰወር ባለቤቱ «ለእኔ የደረሰኝ የለም» ብሎ ኪራዩን እንደገና ሊጠይቅሽ ይችላል። አንቺ ደግሞ ገንዘብሽን የምታሳድጂው ከደላላው ላይ ነው።

ስለ ቅድሚያው፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። በ9,000 ሲሰላ ጣሪያው 18,000 ብር ነው፤ እሱ የጠየቀሽ ሦስት እጥፉን ነው። ይኸው አዋጅ ኪራይ በባንክ ወይም ሕጋዊ በሆነ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የኪራይ ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ቀን የሚያደርገው አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው።

ጣና_ዳር፦
ጋሽ ጮቄ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። አዋጁ የፌዴራል ቢሆንም በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ በክልሉ ውሳኔና አደረጃጀት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ውል ከመፈረምሽ በፊት ቤቱ ባለበት ክፍለ ከተማ የኪራይ ውል የሚመዘግበውን ክፍል በአካል ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ውሉ የሚመዘገበው እዚህ ነው ወይ፣ ከአከራይ በኩል የሚፈለገውስ ሰነድ ምንድን ነው? ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈሽ ለደላላው ስጪው። ካርታውንና የታደሰ መታወቂያውን ይዞ ቢሮ ለመቅረብ የሚያንገራግር «ወኪል» ካጋጠመሽ ሌላ ምልክት አትፈልጊ። አዋጁ ለምዝገባ የሚሰጠው ጊዜ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው።

አሁን 4,000 ተብሎ ይጻፍ ስለተባለው። እህቴ፣ ይሄ ከስድስት ወሩ ይልቅ ያስፈራኛል። «አንቺን አይነካሽም» የሚለው ሐሰት ነው። በየወሩ 5,000 ብር፣ በስድስት ወር 30,000 ብር፣ ወረቀት የሌለው ገንዘብ ይሆናል ማለት ነው። ቤቱን በሦስተኛው ወር ልቀቂ ብትባዪና ቀሪውን ብትጠይቂ፣ ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያየው ውሉን ነው፤ ውሉ ደግሞ 4,000 ይላል። ከዚያ በላይ የሰጠሽው ኪራይ ይሁን ብድር፣ የድለላ ይሁን ሌላ፣ የማስረዳቱ ሸክም በአንቺ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በጥሬ ገንዘብ ሰጥተሽ ከሆነማ ጨርሶ የለም። ያንን ወረቀት የፈረምሽው ደግሞ ሐሰት መሆኑን እያወቅሽ ነው፤ ለዳኛ ይህንን ማስረዳት ቀላል አይደለም። መሥሪያ ቤትሽ የቤት አበል የሚከፍል ከሆነም የሚያየው የተጻፈውን ነው።

የኪራይ ገቢ ግብር የባለቤቱ ዕዳ ነው፣ ያንቺ አይደለም። 9,000 ከሆነ 9,000 ይጻፍ።

ደጀን_መውጫ፦
ማንም ያልነካውን ልንካ፤ ቀብዱን። ሰው ሁሉ «ቀብድ» የሚለውን ቃል እንደ ተራ መያዣ ገንዘብ ይጠቀምበታል። በሕጉ ግን የራሱ ጠንካራ ትርጉም አለው፣ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ተቀምጧል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ከተፈጸመ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

ይህንን ወደ አንቺ ጉዳይ አምጪው። «ቀብድ» ተብሎ 10,000 ከሰጠሽ በኋላ ካርታው የሌላ ሰው መሆኑን አይተሽ «ተውኩት» ብትዪ፣ ደላላው «አንቺ ነሽ ያፈረስሽው፣ ቀብድሽ ቀረ» ይላል። ልትከራከሪው ትችያለሽ፤ ግን ገንዘቡ በእሱ እጅ ሆኖ ነው የምትከራከሪው። በተቃራኒው ትክክለኛው ባለቤት ወይም ወኪሉ ቀብድ ተቀብሎ ቤቱን በ10,000 ለሚከራይ ሌላ ሰው ቢሰጥብሽ 20,000 ብር የመጠየቅ መብት አለሽ። ይህን የሚያውቅ ተከራይ ጥቂት ነው፤ ስለማያውቁም የራሳቸውን ብቻ መልሰው ተቀብለው ይሄዳሉ።

ሦስቱን ቃላት አታደባልቂ። ቀብድ ከላይ ያልነው ነው። ቅድሚያ ኪራይ ገና ያልኖርሽበት ወር ኪራይ ነው፣ ካልኖርሽበት መመለስ አለበት። ማስያዣ ደግሞ ለብልሽትና ላልተከፈለ ውሃና መብራት ተብሎ የሚቀመጥ፣ ስትለቂ ሒሳብ ተደርጎ የሚመለስ ነው። ደረሰኙ ላይ «ብር 10,000 ተቀብያለሁ» ብቻ ከተባለ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው በኋላ ጮኾ የሚናገረው ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

የሰላም_መንገድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የውክልናውን ፎቶ ልኮልኛል። ማኅተም አለው፣ የተሰጠው በ2015 ነው። ቃሉ «በስሜ የሚታወቀውን ቤት እንዲጠብቅልኝ፣ የውሃና የመብራት ክፍያ እንዲከፍልልኝ፣ በቀበሌና በማዘጋጃ ቤት ስለ እኔ ቀርቦ ጉዳይ እንዲያስፈጽምልኝ» ይላል። ማከራየት የሚል ቃል አላየሁም። ደላላው «ያስተዳድር ማለት ነው፣ ሁሉንም ይይዛል» አለኝ። ጋሽ ጮቄ፣ እርስዎ እንዴት ያዩታል?

ጮቄ_ሥር፦
ጥሩ አድርገሽ አነበብሽው። መልሱ በአንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ረጋ ብለሽ ተከተይኝ።

ሕጉ ጠቅላላ ውክልናና ልዩ ውክልና ብሎ ይለያል። ውክልናው በጠቅላላ አነጋገር «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» ቢል ኖሮ ደላላው እውነቱን ነው። ቁጥር 2204 የአስተዳደር ሥራ የሚላቸውን ሲዘረዝር ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይንና ገንዘብ መሰብሰብን ያካትታል። እንዲያ ከሆነ «ማከራየት» የሚል ቃል ባይኖርም የሁለት ዓመት ውል መፈረምና ኪራይ መቀበል ይችላል። ብዙ ሰው «ማከራየት ካልተጻፈ አይሆንም» ይላል፤ ለጠቅላላ ውክልና ይህ ስሕተት ነው።

ያንቺ ግን ጠቅላላ አይደለም። ሦስት ተግባር ነጥሎ ይቆጥራል፦ መጠበቅ፣ ክፍያ መፈጸም፣ ቢሮ መቅረብ። ልዩ ውክልና የሚያስችለው በውስጡ የተጠቀሱትን ጉዳዮችና እነሱን ተከትሎ የሚመጣውን ብቻ ነው። የመብራት ክፍያ መክፈል ቤት ማከራየትን አይወልድም። እኔ በዚህ ወረቀት አልፈርምም፣ አንቺም አትፈርሚ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለቤቱ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አዲስ ውክልና ይሰጣል፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በሰነድ ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውስጡ እንዲኖር የምትፈልጊው «ቤቴን እንዲያከራይ፣ የኪራይ ውል እንዲፈርም፣ እንዲያስመዘግብ፣ ኪራይ እንዲቀበል» የሚል ነው። በራሱ ሂሳብ የሚቀበል ከሆነ ይህም ይጻፍ። ጊዜ የለንም ካሉ ባለቤቱ ራሱ በቪዲዮ ቀርቦ «እሺ» ማለቱ አይበቃም፤ የምታነጋግሪው ሰው ባለቤቱ ለመሆኑ ምን ታውቂያለሽ?

2015 ላይ የተሰጠ ውክልና ዛሬም ሊሠራ ይችላል፣ በራሱ ጊዜ አይሞትም። ነገር ግን ሰጪው በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ሰጪው ከሞተም ያበቃል። ፎቶው ይህን አያሳይሽም። በወረቀቱ ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥርና ቀን ይዘሽ የተመዘገበበት ቢሮ ሄደሽ አለመሻሩን ጠይቂ።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
ከወረቀቱ ወደ ግቢው ልውሰድሽ። የባሕር ዳር የቤት ኪራይ ማጭበርበር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው ቤቱን እንደ ራሱ አሳይቶ ከሁለት ከሦስት ሰው ቅድሚያ ይሰበስባል፤ ለዚህ ነው ቁልፍ ማሳየቱ ምንም የማያረጋግጠው። ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ቤቱን በራሱ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት አይችልም፤ ቀበሌው ያወቀ ዕለት የምትወጪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ የካርታውን ፎቶ ከደላላው ተቀብለሽ፣ በላዩ ያለውን ስም ከውክልና ሰጪው ስም ጋር እስከ አያት አመሳክሪ። የአባት ስም አንድ ሆኖ የአያት የሚለይ ብዙ አለ። ከዚያ ደላላው በሌለበት ሰዓት፣ ቢቻል እሑድ ከቀትር በፊት፣ ሰው ቤቱ በሚገኝበት ጊዜ ግቢውን ሂጂና ጎረቤት ጠይቂ፦ ባለቤቱ ማን ይባላል፣ ከአንቺ በፊት ማን ነበር፣ ለምን ለቀቀ? ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎኩ ኮሚቴ ያውቃል። ካርታ ፈጽሞ የሌለው የጨረቃ ቤት ከሆነ ውሉን ማስመዝገብም ችግር ስለሚሆን ረጅም ቅድሚያ የሚሰጥበት ቤት አይደለም።

ቆጣሪውን ሳታዪ አትፈርሚ። የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ቢል በእጅሽ ያዢ፤ ያለፈው ተከራይ የተወው ውዝፍ ካለ ውሃው የሚቆረጠው በአንቺ ላይ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ እንዴት እንደምትካፈሉ፣ በሰው ቁጥር ይሁን በክፍል፣ ውሉ ውስጥ ይግባ። የተረከብሽበትን ቀን የቆጣሪ ንባብ ከነቁጥሩ ጻፊና ሁለታችሁም ፈርሙ። የተሰበረ መስታወት፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የማይዘጋ በር፣ ሁሉም በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይስፈር፤ ማስያዣ የሚቀረው በዚህ ሰበብ ነው።

አባይ_ድልድይ፦
ስለ አከፋፈሉ ልናገር። ገንዘቡ መግባት ያለበት ስሙ ካርታው ላይ ባለው ሰው ሂሳብ ነው። ባንክ ላይ ቁጥሩን ስታስገቢ የባለሂሳቡ ስም ይወጣል፤ ስሙ ካልገጠመ «ላክ» የሚለውን አትንኪ። «ምክንያት» የሚለውን ቦታ ባዶ አትተይው፣ «የኪራይ ቅድሚያ፣ የጥቅምትና የኅዳር ወር፣ ፔዳ» ብለሽ ሙዪው። ስክሪንሾት ብቻ አትያዢ፣ ከቅርንጫፉ ማኅተም ያለበት ስሊፕ አውጪ። በቴሌብር ከሆነ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት አታጥፊው። የድለላውን ገንዘብ ከኪራዩ ጋር በአንድ ዝውውር አትቀላቅዪ፤ ለየብቻ ላኪ፣ ደረሰኙም ለየብቻ ይሁን። የድለላውም የሚከፈለው ውሉ ሲፈረም ነው።

ባለቤቱ «በየወሩ ማን ይከፍለኛል» ብሎ ከሆነ ስድስት ወር የጠየቀው፣ ሥጋቱን የሚፈታ መንገድ አለ። ሁለት ወር በቅድሚያ ክፈይና ለቀሪው ባንክሽ በየወሩ በተወሰነ ቀን ከደመወዝ ሂሳብሽ ወደ እሱ ሂሳብ እንዲያዛውር ቋሚ ትእዛዝ ስጪ። የትእዛዙን ቅጂ ከውሉ ጋር አያይዢው። ብዙ ባለቤት በዚህ ይረጋል።

ማንኛውም ቅድሚያ ቢሆን ውሉ ውስጥ የመመለሻ ቀመር ይኑር። የወሩ ኪራይ ለ30 ይካፈላል፣ ያልተኖረበት ቀን ተቆጥሮ በ10 ቀን ውስጥ ይመለሳል የሚል ይበቃል። 9,000 ለ30 ሲካፈል የቀኑ 300 ብር ነው። 54,000 ከፍላ ሦስት ወር ከ12 ቀን የኖረች ተከራይ የተጠቀመችው 27,000 እና 3,600፣ በድምሩ 30,600 ነው፤ 23,400 ብር ይመለስላታል። ቀመሩ ካልተጻፈ «የገባ ወር ሙሉ ነው»፣ «ቅድሚያ አይመለስም» የሚል ክርክር ይነሣል።

ደጀን_መውጫ፦
ይህንን ለሚያነብና ገንዘቡ አስቀድሞ ለሄደበት ሰው፣ ቀን አታሳልፉ። በዚያው ቀን ለባንኩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ባንኩ በራሱ ሥልጣን ገንዘቡን አይመልስም፣ ግን ማመልከቻው የተሰጠበት ሰዓት ማስረጃ ነው፤ ሂሳቡን ለማሳገድ የሚያስፈልገው የፍርድ ቤት ወይም የሕግ አካል ትእዛዝ ነውና ወዲያው ወደ ፖሊስ ሂዱ። ሥልጣን ሳይኖረው አለኝ ብሎ ከተቀበለ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 የሚለው አታላይነት ነው። ትክክለኛ ወኪል ሆኖ የተቀበለውን ለራሱ ካደረገው ወደ ቁጥር 675፣ እምነት ማጉደል፣ ያደላል። ልዩነቱ በአቤቱታው ላይ ስለሚመጣ «ወኪል ነኝ ብሎ አሳየኝ» ያላችሁትን ሰነድና የቴሌግራም መልእክት ከነቀኑ አያይዙ። የወንጀሉ ክስ ብሩን በራሱ እጃችሁ አያስገባም፤ የፍትሐ ብሔሩን ጥያቄ ጎን ለጎን ማቅረብ ያስፈልጋል።

የሰላም_መንገድ፦
ባለቤቱ አዲስ ውክልና ለመላክ ተስማምቷል፤ እስከዚያ ግን ቤቱ እንዳይሰጥብኝ ትንሽ ብር አስይዢ እያለኝ ነው፣ በባለቤቱ ሂሳብ። ወረቀቱን እንዴት ልጻፈው?

ጮቄ_ሥር፦
በባለቤቱ ሂሳብ ከሆነና ስሙ ከካርታው ጋር ከገጠመ ይቻላል። ከአንድ ወር ኪራይ አይብለጥ። «ቀብድ» የምትለዋን ቃል ብቻዋን አታስቀምጪ፤ ቁጥር 1885 «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል ስምምነቱን አንቺ ጻፊው። እንዲህ ይበቃል፦

«ፔዳ አካባቢ የሚገኘውንና የካርታ ቁጥሩ … የሆነውን ቤት ለመከራየት ብር 5,000 (አምስት ሺህ) በባለቤቱ ሂሳብ ቁጥር … አስገብቻለሁ። ይህ ገንዘብ ውሉ ሲፈረም ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ላይ ይታሰባል። የማከራየትና ኪራይ የመቀበል ሥልጣን የሚሰጥ የተረጋገጠ ውክልና እስከ … ቀን ካልቀረበ፣ ወይም ውሉ በወር 9,000 ብር ተጽፎ ካልተፈረመ፣ ገንዘቡ በ3 ቀን ውስጥ በሙሉ ይመለሳል። ባለቤቱ ቤቱን እስከዚያ ቀን ለሌላ ካከራየ እጥፉን ይመልሳል። ተከራይዋ ያለ ምክንያት ከተወችው ገንዘቡ ለባለቤቱ ይቀራል።»

ባለቤቱ ፈርሞበት ስካኑን በራሱ ኢሜይል ይላክልሽ። ደላላው በምስክርነት ይፈርም፣ በተቀባይነት ግን አይደለም። የባንክ ስሊፑን ቁጥር ከፊርማዎቹ በላይ ጻፊው፤ ከታች ከተጻፈ በኋላ የተጨመረ ነው ይባላል።